ዕጩዎቹን ደብተር ላይ አውርዷቸው

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ሰልፉ ከምርጫ ጣቢያው በር ተነስቶ፣ ሱቁን አልፎ፣ ጥጉ ጋ ታጥፏል። ምርጫ ቦርድ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያራዘመበት ቀን ነው፤ የቆመ ያስታውሰዋል። ከፊቴ የአክስቴ ልጅ አለች። ስትመርጥ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ጋ ልንደርስ ስንል ዞር ብላ "ቆይ፣ ሁለት ወረቀት ነው እንዴ የሚሰጡን?" አለችኝ። አዎ፣ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት፣ አልኳት። "ለፓርላማው እነማን ናቸው የቀረቡት?"

ዝም አልኩ። ፓርቲዎቹን አውቃለሁ። ክርክሩንም ቆራርጬ አይቻለሁ። በኛ ምርጫ ክልል የቀረቡትን ሰዎች ግን አንዳቸውንም በስም አላውቃቸውም ነበር። እሷ ገብታ ወጣችና "ምልክቱ ያማረውን መረጥኩ" አለች። አንድ ጫማ ለመግዛት መርካቶን ሙሉ ቀን የምታዞረኝ ልጅ፣ 5 ዓመት የሚወክላትን ሰው በሥዕል መርጣ ወጣች። እንዳልስቅባት የኔም ከሷ ብዙ አይሻልም። በ1997 ወላጆቻችን "ንብ ነው ሁለት ጣት?" (የኢሕአዴግና የቅንጅት ምልክት) ሲባባሉ ቢያንስ ክርክሩን ቁጭ ብለው ሲያዩ ከርመው ነበር።

ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ በእልህ ነው መሰለኝ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተን የቤት ሥራውን ዘግይተን ሠራነው። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ፦ ወንበሩ የምን ወንበር ነው?

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው፤ ከነዚህ 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው። የከተማው ምክር ቤት ሌላ ነው፣ 138 መቀመጫ ያለው። ክልል ላይ ከሆናችሁም እንደዚሁ፣ ለፌዴራሉና ለክልሉ ምክር ቤት ለየብቻ ነው ድምፅ የምትሰጡት። ስለዚህ ለፓርላማ የቀረበ ዕጩ "የሰፈራችሁን ኮብልስቶን አስነጥፋለሁ" ካላችሁ፣ ወይ ሥራውን አያውቀውም ወይ እናንተን አያውቃችሁም።

ፓርላማው ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራሉን በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትሮችን ጠርቶ ይጠይቃል። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር፤ እጅ ወጥቶበት ነው የጸደቀው። ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ግብር እዚያ ነው የሚወሰነው። ፌስቡክ ላይ የምትጽፉት ነገር የሚያስከስስ መሆን አለመሆኑም እዚያ ነው፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ከዚያው ቤት የወጣ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፣ ለመጽደቅም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣና የታክሲ ታሪፍ ግን የከተማው ጉዳይ ነው። ለፓርላማ ዕጩ ብትጠይቁት "ይመለከተኛል" ቢላችሁም አይመለከተውም።

አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱም ቤት አለበት። የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጁ፣ 1320/2016፣ የወጣው ከፓርላማ ነው። ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። የሚያስፈጽመው ግን ከተማው ነው። ስድስት ወር ቅድሚያ የጠየቀ አከራይ ገጥሟችሁ ከሆነ ችግሩ ሕጉ ላይ ይሁን አፈጻጸሙ ላይ ለዩት፤ ጥያቄያችሁን ለማን እንደምታቀርቡ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

"የወጣቶች ጉዳይ" የሚባል ጉዳይ የለም

ቢያንስ እኔ አላምንበትም። ማኒፌስቶዎቹ ውስጥ "ሴቶችና ወጣቶች" የምትል ምዕራፍ አለች፤ ብዙ ጊዜ አጭር ናት፣ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው ናት። እዚያች ላይ ብቻ ካነበባችሁ ተሸወዳችሁ። የናንተ ጉዳይ ያለው ግብሩ ውስጥ፣ ትምህርቱ ውስጥ፣ ጸጥታው ውስጥ ነው።

እና ሦስት ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ሦስት። እኛ መጀመሪያ አሥራ አንድ ጽፈን ሦስተኛው ገጽ ላይ ሰለቸን። ከዚያ እያንዳንዱን ጉዳይ ሰውየው "አዎ" ወይም "አይ" ሊልበት ወደሚችል ጥያቄ ቀይሩት። "ስለ ሥራ አጥነት ምን ታስባለህ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ስለ ሥራ አጥነት አሳሳቢነት ሃያ ደቂቃ ይነገራችኋል።

የኛን ላሳያችሁ። የአክስቴ ልጅ የጻፈችው ደመወዝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አለፉ፣ ወለሉ ግን ሳይቆረጥ ነው የቆየው። ስለዚህ ጥያቄዋ፦ "ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል እንዲቆረጥ ትደግፋለህ? ስንት?" ሁለተኛውን፣ ግብሩን፣ በቅርቡ አድሰነዋል፤ በ2017 በጸደቀው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ጥያቄው፦ "ይበቃል? አይበቃም ካልክ የሚጎድለውን ገቢ ከየት ታመጣለህ?" ከየት የምትለዋን እንዳትረሷት። ብዙ ጀግና እዚያች ጋ ነው የሚወድቀው።

የኔ ጥያቄ ኢንተርኔት ነው። መጀመሪያ ጽፌው የነበረው ሌላ ነው፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው ሲከርሙ ሰረዝኩትና ይሄን ተካሁ። በኦንላይን ዕቃ የሚሸጡ ጓደኞቼ ያኔ ደንበኛ እየደወሉ ሲፈልጉ አይቻለሁ። ጥያቄዬ፦ "ኢንተርኔት የሚዘጋው በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ቀን፣ ፍርድ ቤት ሳያውቅ ይሁን አውቆ፣ የሚል ሕግ ታቀርባለህ ወይ?"

ተማሪ ከሆናችሁ ትምህርቱን ያዙ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናው ደግሞ ከ2015 ጀምሮ አለ። ፈተናውን የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ነው፤ ሚኒስትሩን ጠርቶ "ያለፈው አለፈ፣ የቀሩት የት ይግቡ?" ማለት ግን የፓርላማ ሥራ ነው። ጸጥታን የመረጣችሁም ካላችሁ (በዚህ ዘመን የማይመርጥ ካለ ዕድለኛ ነው) ጥያቄያችሁን ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር አያይዙት፤ 6 ወር ነው የሚቆየው፣ ከዚያ በየ4 ወሩ ይራዘማል፣ ለማራዘም እጅ ታወጣለህ አታወጣም?

ሰዎቹን ማግኘት

የዕጩዎች ስም ዝርዝር በምርጫ ክልላችሁ ይለጠፋል። ፎቶ አንሱት። እዚያ ላይ ስሙ፣ ፓርቲውና ምልክቱ አለ፤ የግል ዕጩም ካለ ይኖርበታል። ከዚያ የፓርቲዎቹን ማኒፌስቶ አውርዱ። መቶ ገጽ አታንብቡ። ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ የመረጣችሁትን ቃል ፈልጉ፣ "ደመወዝ"፣ "ኢንተርኔት"፣ "ኪራይ"። ስንት ጊዜ እንደመጣና ምን እንደተባለ እዩ። "ኢንተርኔት" የምትለዋ ጭራሽ የሌለችበት አግኝተናል። እሱም መልስ ነው፤ በኋላ ደብተሩ ላይ በምታሰምሩት ሳጥን ውስጥ "የለም" ብላችሁ ጻፉ።

የቴሌቪዥን ክርክር ከቻላችሁ ሙሉውን እዩ። በኋላ ቲክቶክ ላይ የሚዞረው 40 ሰከንድ ያሸነፈ የመሰለው ሰው 40 ሰከንድ ነው። አንዱ ካፌ ውስጥ ክርክር እያየን ሰውየው ስለ ሥራ ፈጠራ ሊመልስ ሲል አስተናጋጁ ወደ ኳስ ቀየረው። ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም፣ አርሴናል ነበር።

ከዚህ በፊት ፓርላማ የነበረ ዕጩ ካለ ግን ከማኒፌስቶ ይልቅ የሠራውን እዩ። ይሄ ትንሽ ያደክማል። ዜናው "አዋጁ በዚህን ያህል ተቃውሞና በዚህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ብሎ ያልፋል፤ የናንተ ተወካይ እጁን የቱ ላይ እንዳወጣ ከዜናው አታገኙትም። የሚያዋጣው ጥያቄዎቹን መፈለግ ነው። ሚኒስትር ሲቀርብ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲመጣ፣ አባላት በስም ተጠርተው ይጠይቃሉ፣ ይተላለፋል። የሰውየውን ስም ጻፉና ፈልጉ። ምን ጠየቀ? ጠየቀ ወይስ አመሰገነ? "በቅድሚያ ለተደረገልን ማብራሪያ እያመሰገንኩ" ብሎ ጀምሮ እያመሰገነ የጨረሰ አለ። እኛ የምርጫ ክልላችንን ተወካይ ስም ብቻ ለማግኘት ሁለት ማታ ፈጅቶብናል፣ እሱን በደብተሩ ጥግ ላይ በቀይ ጽፈነዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲው የሚል ቃል እዚያ የለም። በተግባር ደግሞ ፓርቲ ወሰነ ማለት አለቀ ማለት ነው፣ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ስታወዳድሩ ለፓርቲው አንድ መስመር፣ ለሰውየው ሌላ መስመር ስጡ። ከፓርቲው ጋር የማይስማማበት አንድ ነገር ካለ ጠይቁት። "የለም፣ መቶ በመቶ" ካለ እናንተ የምትመርጡት ሰው ሳይሆን ምልክት ነው፤ እሱን አውቃችሁ ምረጡ።

ደብተሩ

ሁለት ገጽ ዘርግታችሁ አስምሩ። ከላይ ወደ ጎን ዕጩዎች፣ በግራ ወደ ታች ሦስቱ ጥያቄዎች። ምርጫ ክልላችሁ ውስጥ አሥር ዕጩ ቢኖርም ሁሉንም አታስገቡ፤ በመጀመሪያ ዙር ማኒፌስቶም፣ ቃለ መጠይቅም፣ ስልክም የሌለውን አውጡ። ከሦስት እስከ አምስት ይቀራል።

በእያንዳንዱ ሳጥን ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ምን ያደርጋል፣ በምን ገንዘብ ወይም በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ። ለያንዳንዱ አንድ ነጥብ። እኔ የሠራሁት ምሳሌ ይኸውና። አንደኛው ዕጩ "የወጣቶችን ተጠቃሚነት ለማረጋገጥ በትኩረት እንሠራለን" ይላል። ምን ያደርጋል? "ይሠራል።" በምን? "በትኩረት።" መቼ? አልተባለም። ዜሮ። ሁለተኛው "በአዋጅ 1156 የተባለው የደመወዝ ቦርድ በመጀመሪያው ዓመት እንዲቋቋም ለሚመለከተው ሚኒስቴር ጥያቄ አቀርባለሁ፣ ካልተቋቋመም በቋሚ ኮሚቴ አስጠራዋለሁ" ይላል። ሦስት ከሦስት። ትልቅ ነገር አልተናገረም፤ ግን ከዓመት በኋላ "አድርገሃል?" ልትሉት ትችላላችሁ። ልዩነቱ ይሄ ነው። "ትኩረት"፣ "ርብርብ"፣ "ንቅናቄ"፣ "በሰፊው"፣ "ቁርጠኝነት" የምትል ቃል ባያችሁ ቁጥር በእርሳስ አክብቡ። የአንዱ ዕጩ ገጽ እንደ ሎተሪ ቁጥር ክብ በክብ ሆኖ ነበር።

ነጥቡ ጥራትን አይለካም፣ ግልጽነትን ነው የሚለካው። በጣም ግልጽ ሆኖ በጣም ቀሽም የሆነ ሐሳብ አለ። "ለሁሉም ተመራቂ በአንድ ዓመት ሥራ" ቀንም አለው፣ ግስም አለው፤ ገንዘቡ ግን የለም። ስለዚህ ነጥቡን ከሰጣችሁ በኋላ በሌላ ቀለም "እስማማለሁ" ወይም "አልስማማም" ጻፉ። ሁለቱን አታደባልቁ። የአክስቴ ልጅ ሦስት ከሦስት ያገኘ ሰው ላይ በቀይ "በፍጹም!!" ብላ ጽፋለች፣ ትክክል ናት። ከየት እንዳገኛችሁትም ጻፉ፤ ገጹን፣ የቪዲዮውን ደቂቃ። በቴሌግራም የመጣ ስክሪንሾት ብቻ ከሆነ ሳጥኑን ባዶ ተዉት። ምርጫ ሲደርስ ያልተባለ ነገር የሚያስብል ሰው ይበዛል፣ ደግሞ በሁሉም ወገን።

ፊት ለፊት

እስካሁን ያለው ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ዋናው ግን ድንኳኑ ሥር ነው። በዚያው በ2013 የቅስቀሳ ሰሞን ኮንዶሚኒየማችን ግቢ አንድ ዕጩ መጥተው ነበር። ፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያው ጮኸ፣ ውኃ ታደለ። አንድ ልጅ ተነስቶ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀ። አጠያየቁ ግን ረዘመ፤ ከደርግ ጀመረ፣ በኢሕአዴግ አልፎ፣ ስለ እናቱ ጨመረ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄው ጠፋ። ዕጩው ማስታወሻቸው ላይ ምንም ሳይጽፉ "ያነሳኸው ጉዳይ ትልቅ ትኩረት የሚሻ ነው፣ እናመሰግናለን" አሉና ወደሚቀጥለው። ሰው አጨበጨበ። ልጁም አጨበጨበ!

ስለዚህ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ትንፋሽ። "ጋሼ፣ እርስዎ ቢመረጡ የደመወዝ ወለል እንዲቆረጥ ይደግፋሉ ወይስ አይደግፉም?" አክብሮቱን አትንፈጉ፣ "እርስዎ" በሉ፣ ካስፈለገ ከወንበራችሁ ብድግ በሉ፤ አክብሮት ጥያቄውን አያለዝበውም፣ እንዲያውም ማምለጫ ያሳጣል። ዞር ካደረጉት "ይቅርታ፣ ይደግፋሉ ማለት ነው?" ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙ። ከሁለተኛው በኋላ ተቀመጡ፣ ያሉትን ቃል በቃል ጻፉ። "አላውቀውም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ እኔ ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ፣ ስልኩንም እቀበለዋለሁ። ለሁሉም ዕጩ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠይቁ፤ ለምትወዱት ለስላሳ፣ ለምትጠሉት ሸካራ ካደረጋችሁት ደብተሩን ቅደዱት።

የግል ዕጩ ላይ በተለይ ይሄ ያስፈልጋል። ማኒፌስቶ ላይኖረው ይችላል፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ ስልክ ቁጥር። ደውሉለት። ትገረማላችሁ፣ ራሱ ያነሳዋል።

ደብተሩን ለማን እንደምታሳዩ ግን አስቡበት። ድምፅ ሚስጥር ነው፤ ሠፈሩ ሞቅ ካለ ለጓደኛም ቢሆን "እያሰብኩ ነው" ይበቃል። ከውጭ የሚደወል ዘመድም አለ። የኛ አጎት ከዋሽንግተን ደውሎ ለሁላችንም ማን እንደሚመረጥ ነግሮናል፣ እሱ ዜግነቱን ከቀየረ ዓመታት ሆኖታል። "እሺ ጋሼ" ብለን የልጆቹን ደህንነት ጠየቅን።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ 6 ወር መኖርና በጊዜው ተመዝግቦ ካርድ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካርድ ሳይዙ ዕጩ ማወዳደር ሳይመዘገቡ ለፈተና ማጥናት ነው። ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት 4 ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፣ ቅስቀሳ ክልክል ነው፣ ዕጩ አግኝቶ መጠየቅ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። በነዚያ ቀናት ደብተሩን ብቻ አገላብጡ። በኛ ሕግ አንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል፣ ሁለተኛ ዙር የለም፤ አንደኛ የመረጣችሁት ሰው የማሸነፍ ዕድሉ ጠባብ ከሆነ ለሱ ትሰጣላችሁ ወይስ ለሁለተኛው የሚለውንም ያኔ ወስኑ። እኔና የአክስቴ ልጅ በዚህ አንስማማም። እሷ ለአንደኛው ባይ ናት።

ካሸነፈም በኋላ ደብተሩ አያልቅም። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ይጀምራል፣ እስከ ሰኔ 30። የአክስቴ ልጅ የመጨረሻውን ገጽ ለዚያ ነው የተወችው። ከላይ "የመስከረም ሰኞ" ብላ ጽፋለች፣ ከሥሩ ሦስቱ ጥያቄዎች፣ ከጎኑ ለስልክ ቁጥር የሚሆን ባዶ መስመር።